ፀሐይዋ ነፃ ናት፣ ውሃው ግን አማና ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ወልድያም ሆነ መርሳ ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ሥራ ሲያወሩ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ሐሳቦች አንዱ ይሄ ነው፦ "ሐብሩ ቆላው ላይ መሬት እንኮናተር፣ ሶላር ፓምፕ እንግዛ፣ ሽንኩርት እንትከል።" ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ሥራ ፈትቶ አስፋልት ዳር ከመቀመጥ፣ በሊቢያ በኩል ባሕር ከመግባትም በብዙ ይሻላል። ሐላል ሪዝቅ ነው። ጭስ የለውም፣ ናፍጣ አይጠጣም፣ "አረንጓዴ ቴክኖሎጂ" ይሉታል።

ነገር ግን ከመሬት በታች ያለውን ሳናይ ከመሬት በላይ ባለው ብቻ ከተደሰትን ነገ የምናዝንበት ጉዳይ አለ። የዚህ ጽሑፍ መልእክት አንድ ነው፦ ሶላር ፓምፕ አየሩን ከጭስ ይጠብቃል፣ የመሬቱን ውሃ ግን አይጠብቅም። ውሃውን መጠበቅ ያለብን እኛ ነን፤ ያውም ከናፍጣው ዘመን በበለጠ።

ሰውን ወደ ሶላር ያመጣው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሶላርን የምንፈልገው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተጨንቀን አይደለም። ዋጋ ነው ያስመረጠን። ዋጋውን ደግሞ በአብዛኛው የሠራው ፖሊሲ ነው።

መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሳት የጀመረው በ2014 ዓ.ል መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ወደ 99 ብር ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ የማደያው ዋጋ ነው። ማደያ ላይ አጥቶ በጄሪካን የገዛ ሰው ስንት እንደከፈለ ራሱ ያውቃል።

በሌላ በኩል በ2011 የግብርና ማሽኖችና የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት አካባቢ የበጋ መስኖ ስንዴ የአገር ዘመቻ ሆነና ገበሬው በጋውን ሙሉ እንዲያመርት ይገፋ ጀመር። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የአገሪቱ አቅጣጫ ግልጽ ነው፦ ከነዳጅ መውጣት፣ ብዙ ማምረት።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ሐምሌ 22/2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፓነሉም ፓምፑም ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሶላር መግዣው ተወዷል፣ መጠቀሚያው ግን ነፃ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ነጥብ ቀላል ይመስላል እንጂ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው።

የናፍጣ ሞተር ያለው ገበሬ መግዣውም ይከፍላል፣ ሞተሩ በሠራ ቁጥርም ይከፍላል። አንድ ሰዓት ባሠራ ቁጥር ብር ይቃጠላል። ስለዚህ ማሳው ሲጠጣ ቶሎ ያጠፋዋል። ሳያስበው ውሃ ይቆጥባል፤ ናፍጣው ፍሬን ሆኖለታል።

ሶላር የገዛ ሰው ግን ዋናውን ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሏል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ውሃው በነፃ ይወጣል። እንዲያውም ዕዳውን ቶሎ ለመክፈል ማሳውን ማስፋት፣ በዓመት ሁለቴ የተከለውን ሦስቴ መትከል ይፈልጋል። ማንም እንዲያጠፋው አያስገድደውም። ፍሬኑ ተነሳ ማለት ነው።

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔም አንተም በእሱ ቦታ ብንሆን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሐራ ላይ ካለው ሐዲድ የምንማረው

ቴክኖሎጂ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 392 ኪሎ ሜትር ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ሥራውን የጀመረው በ2007 ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ያለ ጭስ ብዙ ከባድ መኪና የሚተካ ባቡር ነበር የታሰበው። ሐዲዱ ቢዘረጋም ኤሌክትሪኩ በጊዜው አልደረሰም፣ ጦርነቱ መጣ፣ ንብረቱም ተዘረፈ፣ ተጎዳ። እስካሁን መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። ጭነታችን ዛሬም በናፍጣ መኪና ነው የሚመጣው።

እዚያ ቴክኖሎጂው በዙሪያው መሟላት የነበረበት ስላልተሟላ ቆመ። የሶላር ፓምፑ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። እሱ ማንንም ሳይጠብቅ ይሠራል፤ በዙሪያው ሥርዓት ባይኖርም ውሃውን ያወጣል። ለዚህ ነው ከባቡሩ ይልቅ ፓምፑ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባው።

ከመሬት በታች አጥር የለም

ከጊራና እስከ ቆቦ ያለው ሸለቆ ውሃውን የሚያገኘው በምዕራብ በኩል ካለው ጋራ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ አፈርና ጠጠር ይዞ ይወርዳል፣ ከፊሉ ውሃ በጠጠሩና በአሸዋው መካከል ይሰርጋል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ ቆፍሮ በመስኖ ሲያለማ የኖረውም ይህንን ውሃ ተማምኖ ነው።

ይህ ውሃ በየማሳው ተከፋፍሎ የተቀመጠ አይደለም። ከላይ መሬቱ ድንበር አለው፣ የአንተ፣ የእገሌ ይባላል። ከታች ግን አንድ ትሪ ላይ እንደቀረበ ምግብ ነው። አንዱ በትልቅ እጁ ከጎረሰ የሌላው ይጎድላል። ጎረቤቱ ትልቅ ፓምፕ ሲያስገባ መጀመሪያ የሚደርቀው የዚያ ባለ ትልቅ ፓምፕ ጉድጓድ አይደለም። በገመድና በባልዲ የምትቀዳዋ የእናታችን የእጅ ጉድጓድ ናት። ባለ ትልቁ ፓምፕ ገንዘብ ስላለው ጠለቅ አድርጎ ይቆፍራል። እሷ ጄሪካን ተሸክማ ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ከሐብሩ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የአፋር ወንድሞቻችን አሉ። ከእኛ ጋራ የሚወርደው ውሃ ከብቶቻቸውን ያጠጣል። እኛ ጋ የሚቀር እያንዳንዱ ጠብታ እነሱ ጋ አይደርስም።

የየመን ትምህርት

ኡለሞቻችን ለዒልም ይሻገሩባት የነበረችውን የመንን እንይ። የየመን መንግሥት ለብዙ ዓመታት ናፍጣን ይደጉም ነበር። ናፍጣ ርካሽ ስለነበር ገበሬው ጉድጓድ እየቆፈረ ያለ ሐሳብ ቀዳ። ከሚቀዳው ውሃ ትልቁን ድርሻ የሚጠጣው ጫት ነበር። በሰነዓ ዙሪያ ውሃው እየሸሸ ጉድጓዶች በመቶዎች ሜትር ጠለቁ።

በፈረንጆቹ 2015 ጦርነቱ ሲስፋፋ ናፍጣ ጠፋ፣ ዋጋውም ናረ። ያኔ ውሃው ያርፋል ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር። ነገር ግን ገበሬው ወደ ሶላር ዞረ፤ ፓነል በየማሳው ተተከለ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ያተረፈ ነገር ነው፣ ያንን መካድ አይገባም። ውሃው ግን በነፃ ፀሐይ መቀዳቱን ቀጠለ፤ ስንት እንደሚቀዳ የሚቆጣጠርም አልነበረም።

ሕንድም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በፑንጃብ ከ1997 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ለገበሬ የመስኖ ኤሌክትሪክ በነፃ ተሰጠ። ዛሬ እዚያ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ዝናብ ከሚተካው ይበልጣል። ናፍጣም ይሁን ኤሌክትሪክ ወይም ፀሐይ ልዩነት የለውም። መቅጃው በነፃ ከሆነና ልክ ካልተቀመጠለት መጨረሻው አንድ ነው።

መፍትሔ ያገኙም አሉ። በሕንድ ጉጃራት ዱንዲ በምትባል መንደር በ2016 (እ.ኤ.አ) የሶላር ፓምፕ ያላቸው ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው የተረፋቸውን ኤሌክትሪክ ለመብራት ድርጅቱ መሸጥ ጀመሩ። ፓምፑን ካጠፉ ገንዘብ ያገኛሉ። ስለዚህ ውሃን መተው ኪሳራ መሆኑ ቀረ። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ ሁሉም በየማሳው ከሚቆፍር አንድ ትልቅ የሶላር ፓምፕ ለብዙ ገበሬ ውሃ በክፍያ የሚያቀርብበት አሠራር ተስፋፍቷል።

ሕጋችን ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ነገር ግን የእጅ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል። ይህ ተገቢ ነበር። በ1992 የእጅ ጉድጓድ ማለት ባልዲና ገመድ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በባልዲ ስንት ሊቀዳ ይችላል?

አሁን ያንኑ የእጅ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ስትገጥምበት ነገሩ ሌላ ነው። በሕጉ ስም የእጅ ጉድጓድ ነው፣ በሥራው ግን ሞተር ነው። መሣሪያው ከቀረጥ ነፃ ሲገባ "ስንት ውሃ ታወጣለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ካልተዘጋጀ ፖሊሲው በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው አልያዘም ማለት ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ውሃቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። ይህ አዋጅ ለወንዝ ቦይ ብቻ ሳይሆን አንድ የከርሰ ምድር ውሃ ለሚጋሩ ጉድጓዶችም መንፈሱ ሊያገለግል ይገባል።

ዲናችን ከዚህ በፊት ብሎበታል

በወሎ ደረሳው ሲቀራው በኖረው የሻፊዒም ሆነ የሀነፊ ኪታብ ውስጥ "ኢህያኡል መዋት" የሚል ባብ አለ። ጠፍ መሬትን ስለ ማልማት የሚናገር ነው። እዚያ ውስጥ ፉቀሃዎች "ሐሪም" የሚሉት ነገር አለ። ሰው ጉድጓድ ከቆፈረ በዙሪያው የተከበረ ቦታ አለው፤ ሌላ ሰው እዚያ ውስጥ ቆፍሮ ውሃውን ሊስብበት አይችልም። መጠኑ ላይ ኢኽቲላፍ አለ። በሀዲስ የመጣውን 40 ክንድ የያዙ አሉ፣ እንደ ጉድጓዱ አስፈላጊነት ይወሰናል ያሉም አሉ። ዓላማው ግን አንድ ነው፦ አዲሱ ጉድጓድ የነባሩን እንዳይጎዳ። እኛ ወሎዬዎች የሸሆቻችንን ግቢ "ሐሪማ" ስንል የምንጠራበት ቃል ከዚሁ ሥር ነው፤ የተከበረ፣ የማይደፈር ቦታ።

በመዲና ዙበይርና (ረ.ዐ) አንድ አንሷር በመስኖ ውሃ ተጣልተው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መቅረባቸው በቡኻሪ የተዘገበ ነው። ረሱል ዙበይርን ማሳህን አጠጣና ውሃውን ወደ ጎረቤትህ ልቀቅ ነበር ያሉት። በሌላ የወንዝ ውሃ ጉዳይም ላይኛው ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይዞ ለታችኛው እንዲለቅ መፍረዳቸው ተዘግቧል። አስተውሉ፣ ላይኛው ቀዳሚ መብት አለው። መብቱ ግን ልክ አለው፣ ልኩም በሰው አካል የሚለካ ግልጽ ልክ ነው።

ሙስሊሞች በውሃ፣ በሣርና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውንም ነቢያችን አስተምረዋል። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሁሉም መስጠታቸውን የማያውቅ የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እራሳቸው በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ በሁለት እጅ ጥምር እፍኝ የሚለካ ማለት ነው።

አባቶቻችንም ይህንን በተግባር ኖረውበታል። በወንዝ መስኖ ላይ "የውሃ አባት" ይመረጣል፣ ተራ ይወጣል፣ ተራ የሰረቀ ይቀጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ የውሃ አባት ሥር ያጠጣል። በወንዝ ውሃ ያልፈቀድነውን ነፃ ዝርፊያ በከርሰ ምድር ውሃ የምንፈቅደው ስለማናየው ብቻ ነው። አላህ ግን ያየዋል።

"ድሃው ላይ ገደብ ልትጥሉ ነው?"

ይህን ሲሰማ የሚቆጣ እንደሚኖር እናውቃለን። "በጦርነት የተጎዳ ሕዝብ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት እጅ ስትቆይ መብራትም ውሃም አልነበረም። አሁንም ሰላም አላገኘንም። ወጣቱ አንድ ነገር ሲጀምር ደግሞ ውሃ ቆጥብ ትሉታላችሁ? ዓለምን በጭስ ያጠፉት ሀብታም አገሮች እያሉ?" ይላል።

ሐቅ አለው። የዓለምን አየር ያበላሸው የሐብሩ ገበሬ አይደለም። ነገር ግን የጉድጓዳችን ውሃ የዓለም አየር አይደለም። አሜሪካና ቻይና ቢጠነቀቁም ባይጠነቀቁም፣ እዚህ ያለውን የምናደርቀው ወይም የምናቆየው እኛው ነን። ልክ ማስቀመጥ የሚጎዳው ድሃውን አይደለም። ልክ ሲጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው ድሃው ነው፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ። በሦስት ዓመት የሚደርቅ ጉድጓድ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ወጣትም ዕዳውን ይዞ ይቀራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. መለካት። ረጅም ገመድና ጫፉ ላይ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። በየወሩ አንድ ቀን፣ ከሱብሒ በኋላ ፓምፑ ሳይነሳ፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለክቶ በደብተር መጻፍ። በየክረምቱ መጨረሻ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነን። ከዓመት ዓመት ዝቅ እያለ ከመጣ የምንቀዳው ከሚተካው በልጧል ማለት ነው፤ ሽንኩርቱን መቀነስ የሚገባው ያኔ ነው።

2ኛ. ፓምፑን በጉድጓዱ ልክ መግዛት። ሻጩ ትልቁን ሊሸጥላችሁ ይፈልጋል። ጉድጓዳችሁ በሰዓት ስንት እንደሚያመነጭ ሳታውቁ አትግዙ። ሶላር በብርቱ የሚቀዳው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማሳ ላይ የፈሰሰ ውሃ በትነት ይባክናል። ከፍ ባለ ቦታ ታንከር አስቀምጦ ቀን ሞልቶ፣ ከዐስር በኋላ ወይም በማለዳ በጠብታ መስኖ ማጠጣት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰብል ስንት ውሃ እንደሚበቃ መርሳና ወልድያ መሐል ያለውን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

3ኛ. ከመቆፈር በፊት ጎረቤትን ማስቀመጥ። አሥር ወጣት አሥር ጉድጓድ ከሚቆፍር፣ አሥሩ በአንድ ጉድጓድና በተራ ቢሠሩ ወጪውም ይቀንሳል፣ ውሃውም ይተርፋል። የውሃ አባት ለጉድጓድም ይመረጥ። የሐሪምን ጉዳይ ኡስታዞቻችንና ሸሆቻችን ቢያስተምሩበት ከማንኛውም ስብሰባ ይልቅ ይሰማል። ለአንድ ጁሙዓ ኹጥባ የሚበቃ ርዕስ ነው።

4ኛ. ለተረፈው ኃይል ሌላ ሥራ መስጠት። እንደ ዱንዲ ለመብራት ኃይል መሸጥ ለእኛ ገና ሩቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ፓነል ወፍጮ ማዞር፣ ወተት ማቀዝቀዝ፣ ባትሪ መሙላት ይችላል። ፓምፑ ሲጠፋ ገቢ ካለ ማጥፋት አይከብድም።

5ኛ. ከወለድ ነፃ ብድር የሚያቀርቡ ባንኮቻችንን መጠየቅ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀምሯል፣ ሂጅራም ተከትሏል፣ በሌሎች ባንኮችም መስኮቶች አሉ። በሙራበሓ ፓምፕ ሲገዙልን "ጉድጓዱ ስንት ያወጣል? ከጎረቤት ምን ያህል ይርቃል?" ብለው ቢጠይቁ ራሳቸውንም ደንበኛቸውንም ይጠብቃሉ። መንግሥትም ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባውን መሣሪያ ከጉድጓድ ምዝገባና ከውሃ ቆጣሪ ጋር ቢያያይዝ ይጠቅማል።

6ኛ. ውሃውን መመለስ። ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው ጋራ ወጥቶ እርከን ሲሠራ ከተሜው ወጣት በአብዛኛው የለም። በጋራው ላይ የሚሠራ እርከን ጎርፉን ያዘገየዋል፣ የዘገየ ውሃ ይሰርጋል፣ የሰረገው ወደ ጉድጓዳችን ይመጣል። ከታች የሚቀዳ ሰው ከላይ ቢሠራ የራሱን ውሃ ነው የሚያስቀምጠው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሶላር ኒዕማ ነው፣ ለዚህ አላህን እናመሰግናለን። በርካሽ የሚገኝ ነገር ሁሉ ግን ፈተና አለው። የፀሐይዋን ሒሳብ ማንም አይጠይቀንም። ስለ ውሃው ግን ልጆቻችን እዚህ ይጠይቁናል፣ አላህም እዚያ ይጠይቀናል።

አላህ ዝናባችንን የበረካ ያድርግልን፣ ጉድጓዶቻችንን ይጠብቅልን፣ ለአገራችን ሰላም ያውርድልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።